የጥሪ ደብዳቤ፦ የእናት ጉዞ በልጅ ቃል

እንደሚታወቀው ዛሬ ዛሬ ከልጆቹ አንዱ ባሕር ማዶ የማይኖርበትን ቤት ማግኘት እያስቸገረ መጥቷል። ልጅ ሄዶ ይሠራል፤ ትዳር ይመሠርታል፤ ይወልዳል። ወላጅ ደግሞ በስልክ ብቻ የሚያውቀውን የልጅ ልጁን አንድ ቀን አቅፎ ለመሳም ይመኛል። ይህ ምኞት ወደ ጉዞ ሊለወጥ ሲል መጀመሪያ የሚነሳው ቃል «የጥሪ ደብዳቤ ላኩልን» የሚል ነው። ደብዳቤው ምን ማለት እንዳለበት፣ ማን እንደሚጽፈውና ምን ያህል ኃይል እንዳለው ግን ብዙዎቻችን በቅጡ አናውቅም። ባለማወቃችን የምናጣው ገንዘብና ጊዜ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ተመልሶ የማይገኝ ቀንም እናጣለን። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር ይህንኑ ጉዳይ ልናነሳላችሁ ወደናል።

«ልጄን ላርሳት ነው»

ከጥቂት ወራት በፊት ያነጋገርናቸው አንዲት እናት የሚኖሩት እዚሁ አዲስ አበባ፣ መርካቶ አካባቢ ነው። ስማቸውን እንዳንጠቅስ ጠይቀውናል። ባለቤታቸው ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሴት ልጃቸው ጀርመን አገር ፍራንክፈርት ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ ቤተሰቡ ተመካከረና እናት ሄደው እንዲያርሷት ተወሰነ።

ነገሩ የተበላሸው ገና ከመነሻው ነበር። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ዘንድ ቢሄዱ፣ «ለአራስ ነው ካላችሁ እዚያው ይቀራሉ ብለው ይጠረጥራሉ፤ ለጉብኝት ነው ይባል» ሲል መከራቸው። ደብዳቤው ልጃቸው በማትቀርባት፣ ነገር ግን ደመወዟ ከፍ ባለ አንዲት ሴት ስም ተጻፈ። የጉዞው ምክንያት የሁለት ሳምንት ሽርሽር፣ ማረፊያውም ሆቴል ሆነ። ለዚህም ጠቀም ያለ ገንዘብ ተከፈለ።

እናት ማመልከቻቸውን ሲያስረክቡ «ምን ሊያደርጉ ነው የሚሄዱት?» ተብለው ተጠየቁ። እሳቸውም ሳያመነቱ «ልጄ ልትወልድ ነው፤ ላርሳት ነው» ብለው መለሱ።

«እኔ ሽምግልናዬን ይዤ በምን አፌ እዋሻለሁ? ደግሞስ ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ ማን ነገረኝ?» ይላሉ ዛሬ ሲያወሩት።

የመጣው መልስ ቪዛው መከልከሉን የሚገልጽ ነበር። በቅጹ ላይ ምልክት የተደረገባቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ስለ ጉዞው ዓላማ የቀረበው መረጃ አስተማማኝ አለመሆኑን፣ ሁለተኛው ደግሞ ቪዛው ከማለቁ በፊት አመልካቿ ስለመመለሳቸው ማረጋገጫ አለመገኘቱን ይገልጻል። ልጅቷም እናቷ በሌሉበት ወለደች። ገንፎውን እናት ከመርካቶ በስልክ እያዘዙ አማቻቸው ፍራንክፈርት ላይ አገነፋ። የሰባተኛው ቀን ዐቂቃም፣ አርባው ቀንም በዚያው አለፈ።

ደብዳቤው ምንድን ነው?

ከዚህ ታሪክ በመነሳት በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። የጥሪ ደብዳቤ የተቆለፈ በር የሚከፍት ቁልፍ አይደለም። ጠሪው ስለ እንግዳው የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ምስክርነት ደግሞ ዋጋ የሚኖረው እውነት ሲሆንና ከሌሎቹ ማስረጃዎች ጋር ሲስማማ ብቻ ነው። ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል።

ወደ አሜሪካ ለሚደረግ ጉብኝት የጥሪ ደብዳቤ ግዴታ አይደለም። የአገሪቱ ሕግ የጉብኝት ቪዛ የሚጠይቅን ሰው፣ ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ፣ ሊቀር እንዳሰበ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ቆንስሉ የሚመዝነው በዋናነት አመልካቹን እንጂ ጠሪውን አይደለም። ካናዳ በበኩሏ ደብዳቤው ምን መያዝ እንዳለበት በዝርዝር አስቀምጣለች። የእንግዳው ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ ዝምድና፣ የቆይታ ጊዜና የመመለሻ ቀን፣ እንዲሁም የጠሪው ሥራ፣ የመኖሪያ ሁኔታና የቤተሰብ ብዛት ይጠየቃል። በፈረንሳይ ዘመድ ቤት የሚያርፍ እንግዳ ካለ ጠሪው ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የማስተናገጃ የምስክር ወረቀት ያወጣል።

በጀርመን ግን ሁለት ወረቀቶች እንዳይምታቱ ጥንቃቄ ያሻል። አንደኛው ጠሪዋ በራሷ ቃል የምትጽፈው ተራ ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው የግዴታ መግለጫ የሚባለው ነው። ይህንን ለማውጣት ጠሪዋ በምትኖርበት ከተማ ወደሚገኘው የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ ቢሮ በአካል ትሄዳለች። የመኖሪያ ፈቃዷን ወይም ፓስፖርቷን፣ የቅርብ ወራት የደመወዝ ወረቀቷንና የቤት ኪራይ ውሏን ታቀርባለች፤ 29 ዩሮም ትከፍላለች። ቢሮው ገቢዋ እንግዳ ለማስተናገድ የሚበቃ መሆኑን ይመረምራል። ዋናው ወረቀት በፖስታ ወይም በሰው እጅ ወደ እንግዳው ይላካል፤ ለኤምባሲው የሚቀርበውም ዋናው ነው። ከወጣ 6 ወር ያለፈው እንዳይሆን ማስተዋል ይገባል።

ይህ ወረቀት በእኛ አገር አነጋገር ዋስ መሆን ማለት ነው። እንግዳው በመንግሥት ገንዘብ ቢኖር፣ ቢታከም ወይም ሳይመለስ ቀርቶ በግድ እንዲወጣ ቢደረግ፣ ወጪውን የምትጠየቀው የፈረመችው ናት።

በደብዳቤው ውስጥ ምን ይጻፍ?

ተራው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። የሚጻፈውም ኤምባሲው በሚያነበው ቋንቋ ነው። ማን ማንን እንደሚጠራ፣ ዝምድናው፣ የጉዞው ምክንያት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የት እንደሚታረፍ፣ ወጪውን ማን እንደሚችልና እንግዳው ለምን እንደሚመለስ በግልጽ ይቀመጣል። እንግዳው ራሱ ደብዳቤው በቋንቋው ተነቦለት ሊያውቀው ይገባል። እናታችን የተጎዱት አንዱ በዚህ ነውና።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላም ነገር አለ፤ ስም። በአውሮፓ እናትና ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ የቤተሰብ ስም ይጠራሉ። እኛ ዘንድ ግን ልጅ በአባቷ፣ እናትም በአባታቸው ስም ነው የሚጠሩት። ሁለቱን ፓስፖርቶች ጎን ለጎን ያየ የውጭ አገር ሰው ዝምድናቸውን በምን ያውቃል? ስለዚህ የወላጆቿ ስም የሰፈረበት የልጅቷ የልደት የምስክር ወረቀት ከነትርጉሙ መያያዝ አለበት። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሐመድ እየተባለ በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ የተጻፈ ስምም ካለ በደብዳቤው ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ማስረዳት ይጠቅማል።

የትውልድ ቀንም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ቀን 1950 ዓ.ም. የተወለደች እናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተወለደችው መስከረም 11 ቀን 1957 ነው። በአንዱ ወረቀት 1950፣ በሌላው 1957 ሳይብራራ ቢቀር ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመስላሉ።

እዚህ ካለው ወገን የሚጠበቀው

የጠሪዋ ወረቀት የቱንም ያህል ቢሟላ፣ የመመለሻውን ምክንያት የሚያሳየው እዚህ ያለው ኑሮ ነው። የጋብቻ የምስክር ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ የባለቤት የንግድ ፈቃድ፣ የጡረታ ደብተር፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ አብረው የሚኖሩ ልጆች ካሉ የእነሱም ማስረጃ ይቀርባል። ማመልከቻው ሲቀርብ ብቻ ለጥቂት ቀናት ከዘመድ ተበድሮ ባንክ የሚገባ ገንዘብ ግን አያስተማምንም። የወራት እንቅስቃሴውን የሚያይ ሰው ወዲያው ይለየዋል።

ወደ ሸንገን አገሮች ለሚሄድ ሰው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድን ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ የአዋቂ ሰው የማመልከቻ ክፍያ 90 ዩሮ ሆኗል፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም።

በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው የጊዜው ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መልስ የሚሰጥበትን መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። የአራስ ጊዜ አርባ ቀን ነው። እንግዲህ ልጅ ከተወለደ በኋላ ያመለከተች እናት መልሱን የምታገኘው አርባው ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል። ሕጉ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማመልከት ይፈቅዳል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚገመተውን የመውለጃ ቀን የጻፈበትን ወረቀት ይዞ ከእርግዝናው ወራት ጀምሮ መንቀሳቀስ ይገባል። ለአራስ መሄድ የሚታፈርበት ምክንያት አይደለም፤ የሚያስደብቅም ነገር የለውም።

ውሸት የሚያስከፍለው

የተሳሳተ ደብዳቤ በአንድ እምቢታ ብቻ አያበቃም። የሸንገን አገሮች የቪዛ ማመልከቻዎችን በጋራ መዝገብ እስከ 5 ዓመት ያቆያሉ። በአንዱ አገር የተባለው በሌላው ይነበባል። ካናዳ በሐሰት ማስረጃ ያመለከተን ሰው ለ5 ዓመት ልትከለክል ትችላለች። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ ሆን ተብሎ የተነገረ መሠረታዊ ውሸት ለዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል። ደላላው ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ በመዝገብ ላይ የሚቀረው ግን የእናት ስም ነው።

ባሕር ማዶ ላሉ ወንድሞችና እህቶችም አንድ ቃል አለን። ከአገር ቤት «እገሌንም ጥሪው፤ ወረቀት ብቻ አይደለም እንዴ?» የሚል ጥያቄ እንደሚበዛባችሁ እናውቃለን። ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ዋስትና ነው። እንደሚመለስ ለማታውቁት ሰው መፈረም ነገ እናታችሁን ስትጠሩ የቃላችሁን ክብደት ያቀልባችኋል። ይህንን በትህትና አስረድቶ አለመፈረም ዝምድና መቁረጥ አይደለም። እዚህ ያለን ቤተሰቦችም ልጆቻችንን እንዲህ ባለ ጭንቀት ውስጥ ባንከታቸው መልካም ነው።

ሁለተኛው ደብዳቤ

ወደ እናታችን እንመለስ። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2025 ጀምሮ፣ ቪዛ የተከለከለ ሰው ለኤምባሲው ያቀርብ የነበረውን የቅሬታ ሥርዓት አስቀርታለች። የቀረው መንገድ ወይ በርሊን ላለው የአስተዳደር ፍርድ ቤት አቤት ማለት፣ ወይም አዲስ ማመልከቻ ማቅረብ ነው። ቤተሰቡ ሁለተኛውን መረጠ። በዚህ ጊዜ ጉዳይ አስፈጻሚ አልተፈለገም። ልጅቷ በራሷ እጅ ጻፈች። የደብዳቤው ፍሬ ነገር በአማርኛ ሲነበብ እንዲህ ይላል፦

«ወላጅ እናቴን ለ60 ቀናት ወደ ፍራንክፈርት መጥተው እንዲጠይቁኝ እጋብዛለሁ። የመጀመሪያ ልጄን ወልጃለሁ፤ እናቴ አይተውት አያውቁም። የሚያርፉት ከባለቤቴና ከእኔ ጋር ነው። የቆይታቸውን ወጪ እኔ እሸፍናለሁ፤ የግዴታ መግለጫው ተያይዟል። የአውሮፕላን ቲኬታቸውን አባቴ ይከፍላሉ። አባቴና ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ስለሚቆዩ እናቴ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ቀደም ሲል የቀረበው ደብዳቤ የጉዞውን እውነተኛ ምክንያት አልገለጸም። ያንን ያደረግነው በተሳሳተ ምክር ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።»

የመጨረሻውን መስመር ለመጻፍ ብዙ እንዳመነታች እናቷ ነግረውናል። አባት ግን «ቀድሞም የጎዳን መደበቁ ነው፤ ይጻፍ» አሉ። መልሱ በስድስተኛው ሳምንት መጣ፤ ቪዛውም ተፈቀደ። እናት ሲደርሱ ሕፃኑ መቀመጥ ጀምሮ ነበር። አርባውን ግን ማንም ሊመልስላቸው አልቻለም።

ስልሳው ቀን ሊሞላ ሲል ልጅ አለቀሰች። «እማ፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ጨምሪልኝ። ማን ያውቃል?» አለቻቸው። እሳቸው ግን ሻንጣቸውን ማሰናዳት አልተዉም። «ፈርመሽልኛል እኮ ልጄ። የመጣሁት በአንቺ ቃል ነው፤ ቃልሽን እኔ ላፍርስብሽ?» ብለው በቀናቸው ተመለሱ።

አሁን ሌላው ልጃቸው ከካናዳ ሊጠራቸው እየተዘጋጀ ነው። ከሚያያይዛቸው ማስረጃዎች አንዱ እናቱ ከፍራንክፈርት በቀጠሯቸው መመለሳቸውን የሚያሳየው ነው። አላህ የተለያየውን ቤተሰብ ሁሉ በመልካም ያገናኝ።