ካያክ፦ ከአደን ጀልባነት ወደ መዝናኛነት

ከዱባይ አል ሪጋ ተነስቶ በዕረፍት ቀኑ ወደ አጅማን አል ዞራ የሚያቀና ነዋሪ፣ በማንግሮቭ ዛፎች መካከል በካያክ የሚቀዝፉ ጎብኚዎችን ይመለከታል። ካያክን ለአደን የፈለሰፉት የአርክቲክ ሕዝቦች ናቸው፤ በእንጨት ወይም በአጥንት ማገር ላይ የአቆስጣ ቆዳ ወጥረው ይሠሩት ነበር።

የዛሬው የመዝናኛ ካያክ በአብዛኛው ከፖሊኢትሊን ፕላስቲክ ይሠራል። የፕላስቲኩ ዱቄት በብረት ቅርጽ ውስጥ ተጨምሮ በምድጃ እየተሽከረከረ ሲሞቅ፣ ቀልጦ የቅርጹን ግድግዳ ይለብሳል፤ ሲቀዘቅዝም ወጥ ጀልባ ሆኖ ይወጣል። አንዱ ቅርጽ ብዙ ጀልባዎችን ስለሚያስገኝ ዋጋው ይቀንሳል። ከፋይበርግላስ ወይም ከካርቦን ፋይበር በንብርብር የሚሠራው ካያክ ክብደቱ ቀላል ቢሆንም ዋጋው ይወደዳል።

ወጪው ግን በግዢው አያበቃም፤ መቅዘፊያ፣ የነፍስ አድን ጃኬት፣ ማጓጓዣና ማስቀመጫ ይታከሉበታል። የጣና የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ እንደሚያረጅ ሁሉ፣ ፕላስቲክም በፀሐይ ብዛት ይደክማል። ስለዚህ ያገለገለ ካያክ የሚገዛ ሰው የቀለሙን መደብዘዝና ስንጥቁን አስቀድሞ ሊመረምር ይገባል። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ለሚቀዝፍ ሰው ደግሞ ከመግዛት ይልቅ መከራየት ይሻላል።