«ኖሮ» የማያልቅበት ሐዘን

በአፍላ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ራሱን ያጠፋበት ቤት ከሐዘኑ ጋር መልስ የሌለው ጥያቄም ይቀበላል። ልጃቸውን በሽታ የነጠቃቸው ወላጆች በሽታውን ይወቅሳሉ፤ መኪና የነጠቃቸው ሾፌሩን ይወቅሳሉ። እዚህ ግን የሚወቀስ ሌላ ሰው የለም፤ የሚወዱትን ልጅ መውቀስም አንጀታቸው አይችልም። ስለዚህ ቁጣው መሄጃ ያጣና ወደ ራሳቸው ይዞራል። ከቀብር መልስ በዚያ ቤት ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማው ቃል «ኖሮ» ነው። ስልኩን ባልቀማሁት ኖሮ፣ ያን ማታ ገብቼ ባየሁት ኖሮ፣ በፈተናው ውጤት ባልተቆጣሁት ኖሮ።

ወላጆች እንዲህ አንዲት ንግግር ነጥለው ዕድሜ ልክ ቢሸከሟትም፣ ራስን ማጥፋት በአንድ ምክንያት ብቻ የሚደርስ ነገር አይደለም። ሳይታወቅ የቆየ ድብርት፣ ተስፋ መቁረጥ፣ በእኩዮች መገፋት ወይም ጥቃት፣ ለቅጽበት ስሜት ልጓም ገና ያልተበጀለት የጉርምስና አእምሮ፣ ሌላም ሌላም ተደራርቦ ነው የሚያደርሰው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት ከ18 ዓመት ዕድሜ በፊት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሳይታወቁና ሳይታከሙ ያልፋሉ። ክፍል ዘግቶ መዋል፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማብዛት ወይም ማጣት፣ ከጓደኛ መራቅ በብዙ ጎረምሳ ላይ ይታያሉ። ልጁ ከሞተ በኋላ ወደ ኋላ ሲታይ ሁሉም ምልክት ይመስላል። በሰዓቱ ግን ለወላጆቹ የዕድሜው ጠባይ ነበር።

ሐዘኑ አንድ መልክ የለውም። እናት ስታለቅስ ውላ ማታ በልጇ ላይ ትቆጣለች፤ ስለተቆጣች ደግሞ ታፍራለች። በልጁ ሕመም ለዓመታት ሲጨነቅ የኖረ አባት ከለቅሶው መሃል የእፎይታ ስሜት ብልጭ ሊልበት ይችላል፤ ያን ለማንም ሳይናገር ራሱን እንደ ጨካኝ ይቆጥራል። ሁለቱም የሐዘኑ ክፍል ናቸው እንጂ የፍቅር ማነስ አይደሉም። ሳይታጠብ የቀረ የዩኒፎርም ሹራብ፣ ጠረኑ እንዳይጠፋ፣ በፌስታል ታስሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ባልና ሚስትም አብረው አያዝኑም። አንዱ ስለ ልጁ ማውራት ሲፈልግ ሌላው ስሙ ሲነሳ ከቤት ይወጣል፤ አንዱ ሌላውን እንዳላዘነ ይቆጥረዋል።

ከሁሉ የሚረሱት እህትና ወንድም ናቸው። ለቅሶ ደራሹ እናትን አጽናንቶ ወደ ታናሿ ልጅ ዞሮ «አይዞሽ፣ አንቺ ከጠነከርሽ እናትሽም ትጠነክራለች» ይላታል። ያቺ ልጅ የመኝታ ቤት ተጋሪዋን አጥታለች፤ ምናልባት እናትና አባት የማያውቁትን ምስጢር ይዛ ቀርታለች። በዚህ ላይ የቤቱ ምሰሶ እንድትሆን ይፈረድባታል።

በእኛ አገር ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ዘመድ አብሮ ያመሻል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። እንዲህ ዓይነት ሞት ሲመጣ ግን ድንኳኑ ሞልቶ ቤተሰቡ ብቻውን ይሆናል። ከዘመዶቹ አንዱ «ድንገት አሞት ነው» እንዲባል ይወስናል፤ ወላጆችም በመጣው ሰው ሁሉ ፊት ያንኑ ይደግማሉ። ለቅሶ ደራሹ በበኩሉ ጥግ ይዞ ይንሾካሾካል። ታናናሾቹ እውነቱን ከትምህርት ቤት ሰምተው ይመጣሉ።

የእምነት ጉዳይም የራሱን ሕመም ይጨምራል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አስቦና ፈቅዶ ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም። ሆኖም በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የእስክንድርያው ፓትርያርክ ጢሞቴዎስ፣ ሰውዬው አእምሮውን ስቶ እንደሆነ ካህኑ በጥንቃቄ እንዲመረምር አዝዞ፣ በሕመም ለሞተው በሩን ክፍት አድርጎታል። በእስልምናም ድርጊቱ ከባድ ኃጢአት ቢሆንም አብዛኞቹ ዑለማዎች ሟቹ ላይ የጀናዛ ሶላት እንዲሰገድ ይፈቅዳሉ። የልጁን ሕመም ደብቆ የሚይዝ ቤተሰብ ይህን ለካህኑም ለሼኩም የማስረዳት ዕድሉን ያጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ ወደ 727 ሺህ ሰዎች ራሳቸውን በማጥፋት እንደሞቱ ይገምታል። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ወጣቶች ዘንድ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዊን ሽናይድማን እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ሞት ቢያንስ 6 የቅርብ ሰዎችን ይጎዳል ይል ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ሟቹን ያውቁ የነበሩትን ሁሉ ቆጥሮ 135 አድርሶታል። ከእነዚህ መካከል ራሳቸው ለተመሳሳይ አደጋ ይበልጥ የሚጋለጡ ስላሉ፣ ሽናይድማን ሐዘንተኛውን መንከባከብ ቀጣዩን ሞት መከላከል ነው ብሎ ያምን ነበር።

በእንግሊዝ ራስን በማጥፋት ዙሪያ ያለውን ከባድ ዝምታ በእግራቸው የሰበሩ ሦስት አባቶች አሉ። አንዲ ኤሪ የ29 ዓመት፣ ማይክ ፓልመር የ17 ዓመት፣ ቲም ኦወን የ19 ዓመት ሴት ልጆቻቸውን በዚህ መንገድ አጥተዋል። በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው 300 ማይል፣ ማለትም ወደ 480 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጓዙ። ገንዘብ ያሰባሰቡት ፓፒረስ ለተባለው፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ሐዘንተኛ ወላጆች ለመሠረቱት፣ የወጣቶችን ራስን ማጥፋት ለሚከላከል ድርጅት ነበር። መንገድ ላይ እንደነሱ ልጅ ያጡ ወላጆች እየመጡ አብረዋቸው ይራመዱና ታሪካቸውን ይነግሯቸው ነበር። በኋላ ራስን ማጥፋትን የመከላከል ትምህርት በትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ ያቀረቡት አቤቱታ ከ100 ሺህ በላይ ፊርማ አግኝቶ በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ፓርላማ ቀረበ። ይህ ሁሉ ልጆቻቸውን አልመለሰላቸውም። ስማቸውን ግን ያለ እፍረት እንዲጠሩ አድርጓቸዋል።

እንዲህ ዓይነት ሐዘን ወደ ደረሰበት ቤት የሚሄድ ሰው «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ አይጠይቅ፤ «በአምላክ ፈቃድ ነው» እያለም አይቸኩል። የልጁን ስም ጠርቶ አንድ የሚያስታውሰውን መልካም ነገር ይናገር። ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ፣ ከአርባውም በኋላ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲመለስ እንደገና ይሂድ። በቤቱ የቀረ ልጅ «መኖር ሰለቸኝ» ካለ ወይም እንደዚያ የሚያስመስል ነገር ካሳየ በግልጽ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስጀምርም። ብቻውን ሳይተዉትም በዚያው ቀን በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዱት።