ንባብ የሰለቸው ተማሪ

ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ ማንበብን ይወዳል ማለት አይደለም። ፊደልን ለይቶ፥ ቃልን ከቃል አጋጥሞ መጽሐፍ መግለጥ የጀመረ ልጅ ከጥቂት ዘመን በኋላ ሲሰለች፥ መጽሐፉንም በሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ሲረሳው ብዙ ጊዜ ይታያል። ከባሕር ዳር ከተማ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ በሚገኘው በዓባይ ማዶ የሚኖር አንድ ልጅ ቢታሰብ፥ ፊደል በለየበት ዓመት በመንገድ ዳር የተጻፈውን ሁሉ ሳያነብ አያልፍም፤ በስኳር ከረጢት ላይ ያለውን እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል። ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ ግን «አንብብ» ሲሉት ራሱን ያመዋል፤ ዓይኑንም እንቅልፍ ይጫነዋል። ወላጆቹ ይህን አይተው «ሰነፈ» ይላሉ። ነገር ግን ምክንያቱ ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም፤ ሳይመረምሩ መገሠጽም መጽሐፍን የባሰ ያስጠላል።

የሰው አሳብ በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው ጥቂት ነገር ብቻ ነው። ጀማሪ አንባቢ ደን፥ ንን፥ ገን፥ ልን አንድ በአንድ ለቅሞ «ደንገል» እስኪል ድረስ አሳቡ ሁሉ በፊደሉ ላይ ያልቃል፤ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስም መጀመሪያው ይጠፋበታል። ብዙ ያነበበ ሰው ግን ቃሉን እንደሚያውቀው ሰው ፊት በአንድ አፍታ ይለየዋል፤ የተረፈውም አሳቡ ነገሩን ለማስተዋል ይውላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን አስቸጋሪ ዘመን አለ። ፊደል የመለየት ደስታ አልፏል፤ ነገሩን የማወቅ ደስታ ገና አልመጣም። ልጁ መጽሐፉን የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ስፍራ ነው።

ይህም ቀላል ጉዳት አይደለም። በ1971 ዓ.ም በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን በ15 ቋንቋዎች ፊደል ቆጠሩ። አሮጊቶች ሳይቀሩ ስማቸውን ጻፉ። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ የሚያነቡት ነገር በእጃቸው ያልነበረ ብዙዎች የተማሩትን መልሰው ረሱት፤ ከሩቅ አገር ልጃቸው የላከላቸውን ደብዳቤ እንደ ገና በሰው አፍ ማስነበብ ግድ ሆነባቸው። እንግዲህ ንባብ እንደ ዋና አይደለም፤ ዋና አንድ ጊዜ ከተማሩት አይረሳም ይባላል፥ ንባብ ግን ካልሠሩበት ይረሳል።

በጣና ዳርና በደሴቶቹ ያሉ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ይህን አስቸጋሪ መንገድ ከጥንት ጀምረው በየደረጃው ከፍለውታል። ልጁ ፊደልንና አቡጊዳን ከጨረሰ በኋላ ወደ ዮሐንስ መልእክት፥ ከዚያም ወደ ዮሐንስ ወንጌል፥ በመጨረሻም ወደ ዳዊት ይገባል። አንዱንም ክፍል ብዙ ጊዜ ይመላለስበታል፤ በመጀመሪያ በቁጥር ንባብ ፊደሉን እየነጠለ፥ ቀጥሎም በግዕዝና በውርድ ንባብ ዜማውን እየጠበቀ፥ በኋላም በቁም ንባብ ሳይደናቀፍ ያነበዋል። ይህ መመላለስ ዓይንንና ምላስን እጅግ ያሠለጥናል። ነገር ግን መጽሐፉ በግዕዝ የተጻፈ ስለ ሆነ፥ ልጁ ዳዊትን አጥርቶ ሲያነብ ትርጓሜውን ገና አያውቀውም፤ ትርጓሜው የሚመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዳዊት በጨረሰ ቀን ወላጆቹ የሚደግሱለት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የማያስተውሉትን ነገር ያን ያህል ዘመን ታግሦ ማንበብ በእውነት ድግስ ይገባዋል።

በዚሁ በጣና ዳር፥ ቡና በሚበቅልበት በዘጌ፥ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም ተወለዱ። ወደ ኢጣልያ ሄደውም ሥዕል ተማሩ፤ በ1900 ዓ.ም «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን በሮማ አሳተሙ። በአማርኛ ከተጻፉት ልብ ወለዶች የመጀመሪያው ይህ ነው። በኋላ በወረራው ዘመን ከኢጣልያ ጋራ በማበራቸው ስማቸው ጎድፏል፤ መጽሐፉ ግን ከዚያ በፊት የተጻፈ ነው፤ ለአማርኛ አንባቢም ያልነበረ ነገር አመጣለት። በታሪኩ ውስጥ አንድ የጦር አለቃ ይማረካል፤ ዋሕድና ጦቢያ የሚባሉ መንታ ልጆቹም ብዙ መከራ ያገኛቸዋል፤ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ በማታውቀው አገር ትንከራተታለች። አንባቢው በናቱ ቋንቋ ስለሚያነብ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ቅጠሉንም የሚገልጠው መምህር ስላዘዘው አይደለም፤ ጦቢያ ምን እንደምትሆን ለማወቅ ስለ ጓጓ ነው። «ቀጥሎ ምን ሆነ?» የሚል ልጅ ሲያነብ እንቅልፍ አይመጣበትም።

እንግዲህ ንባብ የሰለቸው ልጅ ምን ያድርግ? የጣናን ታንኳ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል። ታንኳ ከደንገል የተሠራ ስለ ሆነ በውሃ ላይ ብዙ የዋለ እንደ ሆነ ውሃ እየመጠጠ ይከብዳል። ባለቤቱ ግን ተበላሸ ብሎ አይጥለውም፤ ከባሕሩ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ሲደርቅም እንደ ቀድሞው ይንሳፈፋል። የደከመ አንባቢም ጥቂት ቀን ቢያርፍ ነውር የለበትም፤ ብቻ ዕረፍቱ ዓመት እንዳይሆን ያስፈልጋል።

ከዕረፍቱ ሲመለስ የጣለውን ከባድ መጽሐፍ እንደ ገና ማንሣት የለበትም። አንዱን ገጽ ይሞክር፤ የማያውቀው ቃል ከ5 የበለጠ እንደ ሆነ ያ መጽሐፍ ለሚመጣው ዓመት ይቆየው። ይልቁንም በቤት ሲነገር የሰማውን የጦጣንና የዝንጀሮን ተረት በመጽሐፍ ፈልጎ ቢያነብ ይሻለዋል፤ ነገሩን አስቀድሞ ያውቀዋልና ቃሉ አያስቸግረውም። አስቀድሞ ወዶት የነበረውን መጽሐፍ ደግሞ ማንበብም እንዲሁ ነው። ትልቅ ልጅ ሆኖ የሕፃን መጽሐፍ ሲያነብ የሚስቁበት ቢኖሩ፥ ይሳቁ።

ጆሮም ዓይንን ይረዳል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃም ታሪክ ያለበት ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ብዙ ሰው ውፍረቱን ብቻ አይቶ ይፈራዋል። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ በየጊዜው ከፍለው ሲያነቡት ግን ፊደል የማያውቁ ሰዎች እንኳ ቀጣዩን ክፍል በናፍቆት ይጠባበቁ ነበር።

ልጁም በቤቱ እንዲህ ማድረግ ይችላል። ቡና ሲፈላ፥ ከአቦሉ እስከ በረካው ድረስ፥ ለአያቱ ያንብብላቸው። ጊዜው አጭር ስለ ሆነ አይደክመውም። አያቱ ያልገባቸው ነገር ሲኖር «ቆይ ልጄ፥ ይህ ሰውዬ የማን ወንድም ነው?» ይሉታል፤ እርሱም ወደ ኋላ ገልጦ ይነግራቸዋል። መልስ ያጣ እንደ ሆነ በዓይኑ ብቻ ሲሮጥ እንደ ነበረ ያውቃል፤ ያንኑ ገጽ ቀስ ብሎ ይደግመዋል። መጽሐፉም በሣጥን ውስጥ ከሚቆለፍ ከረከቦቱ አጠገብ ቢቀመጥ ይሻላል፤ እሳቱና ቡናው እንዳይነካው ብቻ መጠንቀቅ ነው።