የሕፃኑ ጥርስ በማን እጅ ነው?

የሁለት ዓመት ሕፃን የሚበላውን አይመርጥም፤ ጥርሱንም ራሱ አያጸዳም። ሲያለቅስ ጡጦ የሚያቀብለው፣ ለማባበያ ከረሜላ የሚገዛለት፣ ማታም የሚያስተኛው ሌላ ሰው ነው፤ እናት ወይም አባት፣ ብዙ ጊዜም አያት፣ ታላቅ እህት ወይም ሞግዚት። የሕፃናት ጥርስ መቦርቦር መነሻውም መከላከያውም በእነዚህ ሰዎች እጅ ያለ ችግር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ የወተት ጥርሳቸው የተበላሸባቸው ሕፃናት ቁጥር ከ510 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ገምቷል።

«የወተት ጥርስ አይደል፣ ነገ ይወልቃል» ሲባል በየቤቱ ይሰማል። የኋለኞቹ የወተት መንጋጋዎች ግን የሚወልቁት ልጁ ከ10 እስከ 12 ዓመት ሲሞላው ነው። እስከዚያ ድረስ ያኝክባቸዋል፣ ይናገርባቸዋል፣ ለቋሚዎቹ ጥርሶችም ቦታ ይጠብቁለታል። በሕመም ምክንያት ቀድመው ከተነቀሉ ጎን ለጎን ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ይጠጋሉ፤ ከሥር የሚመጣው ቋሚ ጥርስ መውጫ ያጣል። ጥርሱ የሚያመው ልጅ ደግሞ በቅጡ አይበላም፣ አይተኛም።

በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱም የጥርሱን ገለፈት ይሸረሽራል። ቀን ቀን ምራቅ አሲዱን እያጠበ ይከላከላል። በእንቅልፍ ጊዜ ግን የምራቅ መጠን በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ ጭማቂ፣ ስኳር የገባበት ወተት ወይም ሻይ የያዘ ጡጦ አፉ ውስጥ እንዳለ የሚተኛ ልጅ፣ ሌሊቱን ጥርሱ በጣፋጭ ተነክሮ ያድራል። በመጀመሪያ የሚጠቁት የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ናቸው፤ የታችኞቹን ምላስና ምራቅ ይጋርዷቸዋል።

ማር የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም የሚሉ አሉ። ለባክቴሪያው ግን ማርም ስኳር ነው፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ በሌላ የጤና ምክንያት ጭራሽ አይሰጥም። ከመጠኑ ይልቅ ድግግሞሹ ይከፋል፤ ቀኑን ሙሉ ብስኩት የሚቆረጥም ልጅ፣ አንድ ጊዜ ከምግብ ጋር ከሚበላው የበለጠ ይጎዳል።

ባክቴሪያው ከአሳዳጊው አፍ በምራቅ ይተላለፋል። አላምጦ ማጉረስና በተቀመሰ ማንኪያ ማብላት መተላለፊያ መንገዶች ናቸው። የአሳዳጊዋ ጥርስ መታከም እንግዲህ ለሕፃኑም ይተርፋል።

ምርመራው እቤት ይጀመራል። የሕፃኑን ጭንቅላት ጭን ላይ አሳርፎ የላይኛውን ከንፈር በጣት ቀስ አድርጎ ማንሳት በቂ ነው። ድድ አጠገብ ኖራ የመሰለ ነጭ መስመር ከታየ የመቦርቦር መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። በዚህ ደረጃ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙናና ጣፋጭ በመቀነስ ሊመለስ ይችላል። ወደ ቡናማ ተለውጦ ከተቦረቦረ በኋላ ግን ሐኪም ያስፈልጋል።

ማጽዳት የሚጀመረው የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ሲል፣ ብዙውን ጊዜ በስድስት ወር አካባቢ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ከመኝታ በፊት ሆኖ፣ ቦርሹን አሳዳጊው ራሱ ይይዛል። እስከ ሦስት ዓመት የሩዝ ፍሬ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ የሚያህል ሳሙና ይበቃል። ውሃው ፍሎራይድ በሚበዛበት የስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚኖሩ ወላጆች ስለ ሳሙናው የጥርስ ሐኪም ቢያማክሩ ይመረጣል። ልጁ አንድ ዓመት ሲሞላው ከጡጦ ወደ ኩባያ ማሸጋገርና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሐኪም ማሳየትም ይመከራል።

ይህ ሁሉ ሲደረግ ለውጥ እንደሚመጣ ስኮትላንድ አሳይታለች። «ቻይልድስማይል» በተባለው ፕሮግራም ሕፃናት በየመዋያቸው በአዋቂ እየታገዙ በየቀኑ ጥርሳቸውን ይቦርሻሉ። በ2003 እ.ኤ.አ. አንደኛ ክፍል ከገቡት ልጆች ግልጽ የጥርስ መበላሸት ያልታየባቸው 45 በመቶ ያህሉ ነበሩ፤ በ2022 ወደ 73 በመቶ ደርሰዋል።

ወላጆች ይህን እውቀት ለራሳቸው ብቻ ይዘው አይቅሩ። ቀኑን ከልጁ ጋር ለምትውለው ሞግዚት፣ ለአያትም ይንገሩ፤ በመኝታ ሰዓት በጡጦው ውስጥ ውሃ ብቻ ይሁን።