ኖራ ለዓሣ ኩሬ

ለዓሣ ኩሬ የሚሰጠው ኖራ እንደ ዱቄት የላመ የኖራ ድንጋይ ነው። ኩሬው ያጣውን ካልሲየም ይተካል፣ የውኃውንና የጭቃውንም አሲድ ያረግባል። ዶሎማይት ከተባለው ድንጋይ የተፈጨ ከሆነ ማግኒዚየምም ይጨምራል።

ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በዓመት 1,300 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባለው ቀይ አፈር ላይ ይህ ዝናብ ለረጅም ዘመን እየወረደ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ወስዶታል፤ አፈሩም አሲዳማ ሆኗል። እዚያ የተቆፈረ ኩሬ የአፈሩን ጠባይ ይወርሳል። ፍግ ቢጨመርበትም ጭቃው ፎስፈረሱን አንቆ ስለሚይዘው ውኃው አረንጓዴ ሳይሆን ጥርት ብሎ ይቀራል።

አረንጓዴው ቀለም አልጌ ነው፤ የዓሣው ምግብ ከእሱ ይጀምራል። ለአልጌው ክሎሮፊል ማግኒዚየም ግድ ነው።  ለኩሬ በሊትር ጥቂት ሚሊግራም ይበቃል።

አልካሊኒቲ የሚባለው አሲድን የመቋቋም ዓቅም በሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች ሲሆን ኖራ ያስፈልጋል። ምቹው ጊዜ ኩሬው ደርቆ ሳለ ነው። ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም በወለሉና በግድግዳው ላይ እኩል ይበተናል፤ አሲዱ የበረታበት ጭቃ እጥፍ ሊፈልግ ይችላል። ከዚያ ውኃ ይሞላል፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶም ፍግ ይከተላል። ክንድ እስከ ክርን ሲነከር መዳፍ ብዥ ብሎ ከታየ ውኃው ምግብ ይዟል ማለት ነው። ግንበኛ የሚጠቀምበት የተቃጠለ ኖራ ዓሣ ባለበት ኩሬ አይገባም፤ አሲዱን በድንገት ስለሚገለብጠው ዓሣውን ይፈጃል።

የኖራ ድንጋዩ ሩቅ አይደለም፤ ከደብረ ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዓባይ ሸለቆ አፋፍ በምትገኘው ደጀን አካባቢ በብዛት አለ። ኖራ ግን ብርድን አያሞቅም። ቆሮሶ ከ20 ዲግሪ በታች ዕድገቱ ይጎተታል፤ ስለዚህ ለደጋው ኩሬ ብርድ የሚችለው ካርፕ ይሻላል።