ስለ ሥቃይ ማስታገሻ የወጡ ሕጎች

ሥቃይ የጸናበት ሰው ማስታገሻ ቢፈልግ የተገባ ነው። ነገር ግን ማስታገሻ ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። ሞርፊንና እርሱን የመሰሉት፣ ኦፒዮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች፣ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ላይ በመሥራት ሕመምን ያደነዝዛሉ። ሰውነት ሲለምዳቸው መጠኑ እንዲጨመር ይሻል፤ ከልክ ሲያልፉም ትንፋሽን ያቆማሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 በኦፒዮይድ፣ ይልቁንም በድብቅ በሚሸጠው ፈንታኒል፣ ከ80,000 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል።

የፍሎሪዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሕግ፣ ሐኪሙ ኦፒዮይድ ከማዘዙ በፊት ሌላ ምን ሕክምና እንዳለ፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን ጭምር ለበሽተኛው እንዲያስረዳ፣ ይህንንም በመዝገብ እንዲጽፍ አዘዘ። የድንገተኛ አደጋ ሕክምና ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ ነው።

ይሁን እንጂ ዋጋው ካልተከፈለ ምክር ብቻውን አይበቃም። ቀድሞ የማስታገሻው ዋጋ በቀዶ ጥገናው ሒሳብ ተጠቃሎ ስለሚከፈል፣ ሐኪም ቤቶች ርካሹን ወደ መምረጥ ያዘነብሉ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የመላ አገሪቱ ሕግ፣ ሜዲኬር የተባለው የጤና መድን ከ2025 እስከ 2027 ድረስ፣ ሳይተኙ ለሚታከሙ በሽተኞች ኦፒዮይድ ላልሆኑ የታወቁ ማስታገሻዎች ለብቻ እንዲከፍል ወሰነ።

ይህን ስንል ሞርፊን ይጣል ማለታችን አይደለም፤ በካንሰር ለሚሠቃይ ሰው ዛሬም አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ለብዙው ሕመም ፓራሲታሞል፣ ኢቡፕሮፌን፣ በአካባቢው ብቻ የሚያደነዝዝ መርፌ ወይም ፊዚዮቴራፒ ሊበቃ ይችላል። እንግዲህ በሽተኛው «ሌላስ መድኃኒት አለ ወይ?» ብሎ ሐኪሙን ለመጠየቅ አይፈር፤ መምህራንም ይህንኑ ለወላጆች እንዲያስረዱ አደራ እንላለን።