የሕዝብ ተመራጮችና የዲጂታል ዕውቀት፤ ሥልጠናው ምን መምሰል ይገባዋል?

መግቢያ

ውርጌሳ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በሰሜን ወሎ ዞን በሀብሩ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። የወረዳው መቀመጫ መርሳ ሲሆን የዞኑ መቀመጫ ደግሞ ወልዲያ ነው። በውርጌሳ ዙሪያ የሚኖር ገበሬ የመሬት ይዞታውን ለማስተካከል ወይም ለማውረስ ቢፈልግ ጉዳዩ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተነሥቶ ወደ መርሳ ይሄዳል። በየደረጃው የሚጠብቀው መልስ በአብዛኛው የሚወሰነው ስሙ በመዝገብ ላይ በሰፈረበት አኳኋን ነው። መዝገቡ ለረዥም ዘመን ከወረቀት የተሠራ ስለ ነበረ ተመራጩም መራጩም ገልጠው ሊያዩት ይችሉ ነበር። ዛሬ ግን መዝገቡ ቀስ በቀስ ወደ ኮምፒዩተር በመዛወር ላይ ነው።

መዝገቡ ሲለወጥ የቁጥጥሩ ዘዴም አብሮ ካልተለወጠ ሕዝቡን ወክለው የሚቆጣጠሩት የምክር ቤት አባላት የማያነቡትን መዝገብ እንዲቆጣጠሩ ይገደዳሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የሕዝብ ተመራጮች ስለ ዲጂታል ቴክኖሎጂ ምን ማወቅ እንደሚገባቸው፣ ዕውቀቱን በምን ዓይነት ሥልጠና ሊያገኙ እንደሚችሉና የመምህራን ድርሻ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ነው።

1. የተመራጮች ኃላፊነትና አዲሱ አሠራር

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። በአንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 4 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ ይችል ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህም የሕዝብ ተመራጭ ሲባል ከ550 የማይበልጡ አባላት ያሉት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብቻ አይደለም። ሕግ የሚያወጡት የፌዴራሉና የክልል ምክር ቤቶች ቢሆኑም፣ የወረዳ ምክር ቤት የአካባቢውን ዕቅድና በጀት ያጸድቃል፤ የወረዳውንም አስተዳደር ይቆጣጠራል። በ2005 በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ በመላ አገሪቱ ለውድድር የቀረቡት መቀመጫዎች ከ3 ሚሊዮን በላይ እንደ ነበሩ ሲታሰብ፣ ተመራጮችን ማሠልጠን በአንድ የስብሰባ አዳራሽ የሚፈጸም ሥራ አለመሆኑ ይገለጻል።

በሌላ በኩል ባለፉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ አሠራሩን የሚለውጡ ሕጎችና ዕቅዶች ተከታትለው ወጥተዋል። በ2012 «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ ጸደቀ። በዚያው ዓመት የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205፣ በ2015 የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284፣ በ2016 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጡ። በ2017 ልዩ ልዩ የመንግሥት አገልግሎቶችን በአንድ ጣራ ሥር የሚሰጠው የ«መሶብ» ማእከል በአዲስ አበባ ተከፈተ። እነዚህን ሕጎች ያጸደቁትም ሆኑ አፈጻጸማቸውን የሚከታተሉት ተመራጮች ናቸው። የማሽኑን ጠባይ ያልተረዳ ተመራጭ ግን የቀረበለትን ሪፖርት ከመቀበል በቀር የሚጠይቀው አይኖረውም።

2. ካለፉት ሥራዎች የሚገኝ ትምህርት

ብዙ ሕዝብ ባንድ ጊዜ አዲስ ዕውቀት እንዲቀስም ማድረግ ለኢትዮጵያ መምህራን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትምህርቱን ሕዝቡ በሚናገራቸው በርካታ ቋንቋዎች በመስጠቱና ወደ ገጠር በመዝለቁ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ይሁን እንጂ ፊደል ከቈጠሩ በኋላ የሚያነቡት ነገር ያጡ ሰዎች ወደ መሃይምነት እንደ ተመለሱ ይታወቃል። ከዚህም የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ በየዕለቱ ሥራ ላይ የማይውል ዕውቀት አይጸናም።

ሁለተኛው ምሳሌ በ1997 የትምህርት ዘመን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ነው። ትምህርቱ ከማእከል በሳተላይት ሲተላለፍ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ማሽኑ ስለ ወሰደው፣ መምህሩ ተማሪው ያልገባውን ለማስረዳት የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነበር። መሣሪያው ሲገባ መምህሩ ምን እንደሚሠራ በቅድሚያ በሚገባ አልታሰበበትም ነበር። የምክር ቤት አባል በኮምፒዩተር ፊት እንዲሁ ተመልካች ሆኖ እንዳይቀር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የወረዳ አስተዳደሮችን በመረጃ መረብ ያገናኘው ወረዳ ኔትም ቢሆን በይበልጥ የታወቀው በቪዲዮ ስብሰባ ነው። ከላይ መመሪያ ማስተላለፍ ተቻለ፤ ከታች ያለው ተመራጭ በመረቡ አማካይነት መረጃ እንዲመረምር ማድረጉ ግን ሌላ ዝግጅት ይጠይቃል።

ከውጭ አገር ኤስቶንያ ትጠቀሳለች። ይህች አነስተኛ አገር እ.ኤ.አ. በ1996 «የነብር ዝላይ» በተባለ ፕሮግራም ኮምፒዩተርን በቅድሚያ ወደ ትምህርት ቤቶች አስገባች። የሚኒስትሮቿ ጉባኤ ያለ ወረቀት መሰብሰብ የጀመረው በ2000፣ ዜጎቿ በአካባቢ ምርጫ በኢንተርኔት ድምፅ የሰጡት ደግሞ በ2005 ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው የአፈጻጸሙ ቅደም ተከተል ነው። ትምህርት ቤቱ ቀደመ፤ የመንግሥት አገልግሎቱ ተከተለ።

3. የይዞታ ደብተር ምሳሌ

ጉዳዩን ይበልጥ ለመረዳት ገበሬው በሚገባ የሚያውቀውን የመሬት ይዞታ ደብተር መመልከት ይጠቅማል። በአማራ ክልል በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የምዝገባ ሥራ ለባለ ይዞታዎች አረንጓዴው ደብተር ተሰጥቷል። የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ባንድነት እንዲሰፍር መደረጉ ለሴቶች መብት ታላቅ እርምጃ ነበር። ከዚያም በሁለተኛው ደረጃ የይዞታው ወሰን በካርታ ላይ እየተለካ መረጃው ወደ ኮምፒዩተር እንዲገባ ተደረገ።

አሁን ለምሳሌ ያህል ባሏ የሞተባትን አንዲት ገበሬ እናስብ። መሬቱ በሁለቱ ስም ተመዝግቧል፤ ውርሱ ግን አልተላለፈም። ከልጆቿ አንዱ ወደ ሌላ አገር ሄዷል፤ ጎረቤቷ ደግሞ በወሰን ይከራከራታል። በኮምፒዩተሩ ላይ የሚታየው ከብዙ ዓመት በፊት የተመዘገበው ነው። ሴትዮዋ ለመካሰስ መርሳ ስትደርስ ሠራተኛው «ማሽኑ እንዲህ ይላል» ብሎ ቢመልሳት፣ ማሽኑ የተናገረው የራሱን ዕውቀት ሳይሆን ሰው በጊዜው ያስገባለትን ብቻ መሆኑን የሚያስረዳላት ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር የተሳሳተውን ጽሑፍ በራሱ አያርምም፤ እንዲያውም የማያጠራጥር እውነት አስመስሎ ያቀርበዋል። ይህን የሚያውቅ የምክር ቤት አባል ውርስ፣ ፍቺና የኪራይ ውል በስንት ጊዜ ውስጥ በመዝገቡ ላይ እንደሚታረም የወረዳውን ጽሕፈት ቤት ይጠይቃል፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውንም በጀት ያጸድቃል።

4. የሥልጠናው ይዘት

ከላይ እንደ ተመለከተው ተመራጩ የኮምፒዩተር ባለሙያ እንዲሆን አይጠበቅበትም። በጀት የሚያጸድቅ ሰው የሒሳብ ሹም መሆን እንደማያሻው ሁሉ፣ የዲጂታል አገልግሎትን የሚቆጣጠርም ሰው ትክክለኛውን ጥያቄ ማንሣት ከቻለ ይበቃል። ስለሆነም ሥልጠናው በሚከተሉት አምስት ጥያቄዎች ዙሪያ ቢዘጋጅ ይመረጣል።

ሀ/ ከመዝገቡ የቀረው ማን ነው? የዲጂታል መታወቂያ የሚሰጠው የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ተወስዶ ነው። እጁ በእርሻ ሥራ የሻከረ ገበሬ አሻራው በቀላሉ ላይነበብ ይችላል፤ አቅመ ደካሞችም ወደ ምዝገባው ቦታ ላይደርሱ ይችላሉ። የተመዘገቡትን ቁጥር ብቻ የሚገልጽ ሪፖርት ያልተመዘገቡትን ይሸሽጋል።

ለ/ ማሽኑ «አይሆንም» ሲል አቤቱታው ለማን ይቀርባል? የሚሰማው ሰውና የጊዜ ገደቡ በግልጽ መታወቅ አለባቸው።

ሐ/ መረጃውን ማን ያየዋል፣ ማንስ ይለውጠዋል? በሚገባ የተሠራ መዝገብ ለውጡን ያደረገውን ሠራተኛና ሰዓቱን ይዞ ያስቀራል። ተመራጩ ይህ ታሪክ ተመርምሮ እንዲቀርብለት መጠየቅ ይችላል።

መ/ መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው እንዴት ይቀጥላል?

ሠ/ አገልግሎቱ በእርግጥ ተሻሽሏል ወይ? መለኪያው የተገዙት ኮምፒዩተሮች ብዛት ሳይሆን ባለጉዳዩ የተመላለሰበት ቀንና ያወጣው ወጪ ነው።

አራተኛው ጥያቄ ለሰሜን ወሎ ሕዝብ የሩቅ ሐሳብ አይደለም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ወራት ዞኑ በጦርነት ውስጥ ሳለ መብራትና ስልክ ተቋርጠው ነበር፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ተዘርፈዋል። በ2015 ማለቂያም በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቈይቷል። ሁለቱ ሁኔታዎች ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ትምህርቶችን ይሰጣሉ። ወረቀት ብቻውን ከተያዘ በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ቅጂው በሌላ ሥፍራ መቀመጥ አለበት። በመረብ ላይ ብቻ የተመሠረተ አገልግሎትም መረቡ ሲቋረጥ አብሮ ይቆማል፤ ስለዚህ ያለ መረብ የሚሠራበት መንገድ አስቀድሞ መዘጋጀት ይኖርበታል።

5. የአሰጣጡ ዘዴና የመምህራን ድርሻ

የወረዳና የቀበሌ ተመራጮች ብዙዎቹ ገበሬዎች ስለ ሆኑ ሥልጠናው የእርሻንና የአጨዳን ወቅት ማክበር አለበት። ለጥቂት ቀናት ሰብስቦ አበል ከፍሎ ከማሰናበት ይልቅ፣ ከምክር ቤቱ መደበኛ ጉባኤዎች በፊት እየተደጋገመ የሚሰጥ አጭር ትምህርት የተሻለ ፍሬ ይሰጣል፤ ሠልጣኙ የተማረውን ወዲያው በጉባኤው ላይ ይሠራበታልና። ትምህርቱ በአማርኛ፣ በአካባቢው ምሳሌዎችና በእውነተኛ የሥራ ቅጾች ቢሰጥ ይመረጣል። ማንበብ የማይችሉ አባላት ካሉም ውይይቱ በቃል ተደርጎ በኅብረት ሊሠራ ይችላል።

አሠልጣኝ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ በዞኑ ውስጥ ይገኛል፤ በየትምህርት ቤቱም የሒሳብና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህራን አሉ። በ2016 ይፋ የሆነው «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው ፕሮግራም ወጣቶች የኮምፒዩተር ትምህርት በነፃ በኢንተርኔት እንዲከታተሉ መንገድ ከፍቷል። እንደዚህ ያለውን ትምህርት የቀሰመ ወጣት ማሽኑን ያውቃል፤ የቀበሌው ሽማግሌ ደግሞ የወሰኑንና የውርሱን ታሪክ ያውቃል። ሁለቱን ባንድ ወንበር ማስቀመጥና አንዱ ከሌላው እንዲማር ማድረግ የመምህሩ ሙያ ነው። ይህ ሥራ ግን በመምህሩ ትከሻ ላይ በትርፍነት የሚጫን እንዳይሆን ዕቅድ አውጪዎች ጊዜና በጀት ሊመድቡለት ይገባል።

መደምደሚያ

ቴክኖሎጂ መልካም አስተዳደርን በራሱ አያመጣም። መልካም አስተዳደር የሚገኘው ሕዝቡ የወከላቸው ሰዎች አሠራሩን ሊመረምሩ ሲችሉ ነው። ከውርጌሳ ወደ መርሳ ለአንድ ጉዳይ የሚመላለሰው ባለጉዳይ መንገዱ የሚያጥርለት ኮምፒዩተር በጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ስለ ተቀመጠ ብቻ አይደለም፤ በምክር ቤቱ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተወካዩ «ይህ መዝገብ ትክክል መሆኑን በምን አወቃችሁ?» ብሎ መጠየቅ ሲችል ነው። ይህን ጥያቄ ማስተማር ደግሞ ከማንም በፊት የመምህራን ሥራ ነው።